ሦስት ነጥብ ሦስት

ፍሪስላንድ ነው አገሩ፤ ባሕሩ ከላይ፣ መስኩ ከሥር፣
ላሞቹ ከዓሣው በታች ቆመው የሚግጡበት ምድር።
ከግድቡ ጥግ፣ በጡብ በታነጸች ጠባብ ቤት፣
ሦስት ፓምፖች ያጓራሉ፣ ቀንም ሆነ ሌት።
እመቤታቸው ሲትስከ ናት፤ ስድሳ አንድ ሞላት ዘንድሮ፣
መነጽሯ ከደረቷ ላይ ይወዛወዛል በክር ታስሮ።
እኔ ተለማማጅ ነኝ፤ ዶወ እባላለሁ፣
እጄ ከልቤ እየቀደመ ስንቱን ዕቃ አቃጥያለሁ።

የመጀመሪያዋን ቺፕ እኔ ነኝ የገደልኳት።
የውሃ ልክ ነጋሪው በአሥር ቮልት ይጮኻል፣
የሷ ጆሮ ግን ሦስት ነጥብ ሦስት ሲደርስ ይሞላል።
«ሽቦ ያው ሽቦ ነው» ብዬ በቀጥታ አገናኘሁት፤
ድምፅ እንኳ አላሰማም፤ በሽታው ነው ያወቅሁት።
ሲትስከ አልተቆጣችም። በጥፍሯ ነቅላ አነሳቻት፣
እንደ ሞተች ዝንብ ወደ መብራቱ አስጠግታ አየቻት።
«ይቺ ትንሽ ቁና ናት» አለች፤ «ወለሏ ዜሮ፣ ምድር፤
ከወለሏ በታች ብትጎትታት፣ ከአፏ በላይ ብታጭቅባት፣
ትሰነጠቃለች እንጂ አትሰፍር።»

ሁለት ሬዚስተር ከመሳቢያ፤ አንዱ ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ብርቱካን፣
ሁለተኛው ቀይ፣ ቀይ፣ ደግሞ ያው ብርቱካን።
«አሥሩን እንዳለ አታውርድባት፤ ድርሻ ድርሻውን ክፈለው፣
አርባ ሰባት ሺህ ኦም ከላይ፣ ሃያ ሁለት ሺህ ከሥር ጣለው፤
ሦስት ነጥብ ሁለት ሳይሞላ ይገባል፤ ጠርዟን ባዶ ተወው።»

ቁጥሩ መጣ፤ ግን ተንቀጠቀጠ፣ ወባ እንደያዘው።
ቺፗ በየቅጽበቱ አንድ ጉንጭ ትጎነጫለች፣
ቀጭኑ መንገድ ሳያደርስላት አፏን ትዘጋለች።
እናም በመካከል አማላጅ ቆመ፤ ስምንት እግር ያለው፣
የሚሰማ፣ ከሚሰማው ቅንጣት የማይወስድ፣
የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ በሙሉ ክንዱ የሚደግመው።
አራት ሽቦ ደግሞ ወደ ኮምፒውተሩ፤ አንዱ ምት ይመታል፣
አንዱ «አንቺ ነሽ፣ ተናገሪ» ይላል፣
አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ ይመልሳል።
ምቱ ከፈጠነ መልሱ ይንተባተባል።

ኅዳር ላይ ነው። የሰሜን ምዕራቡ ነፋስ በረታ።
የከተማው ቢሮ ደወለ፣ እኩለ ሌሊት ሲመታ፦
«ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሰባት፤
ሃያ ደቂቃ ሙሉ ንቅንቅ አላለም፣
ውሃው ረግቷል፤ ተኙ፣ ሰላም።»
ሲትስከ ቁጥሩን አየችው። «በዚህ ነፋስ ውሃ አይረጋም» አለች፣
«ነጋሪው አሥር ላይ ደርሶ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቃል የለውም።»
ካፖርቷን ለበሰች፣
ባትሪዋን ይዛ ወጣች፣ ወደዚያ አሮጌ እንጨት፣
አባቷ በነጭ ቀለም ሴንቲ ሜትር ወደጻፈበት።

እሷ ውጭ ሳለች ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። ሆስፒታል።
ወንድሟ ዊብረን፣ ከአፍታ በፊት፣ አርፏል።

ተመለሰች፤ ውሃ ከጸጉሯ ይወርዳል።
«ከነጋሪው ጫፍ አሥራ አራት ሴንቲ አልፏል፤ ሦስተኛውን አስነሳ።»
አስነሳሁ። ጡቡ ተርገፈገፈ፣ መስኮቱ አገሳ።
ምላሴ ላይ አሥር ቮልት ነበር።
እኔ ዶወ፣ ሽቦ ያው ሽቦ ነው ባዩ፣
መጀመሪያ ፎጣ ሰጠኋት።
ከዚያ ወንበር።
ከዚያ «ሆስፒታሉ ደውሎ ነበር» አልኩና ቆየሁ፣
ፓምፑ ሦስት ጊዜ እስኪተነፍስ፣
ፊቷን እያየሁ፣
ቀሪውን ራሷ እስክትጠይቀኝ ድረስ።

«ስንት ሰዓት ላይ?» አለች።
ቁጥር ነበር የጠየቀችኝ።
ሰጠኋት።